ያላነበብካቸው ሦስት መስመሮች

ለምወድህ፣ ዛሬ ግን ለተቀየምኩህ ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህ እንደምን ናት? መንታዎቹ ጥርስ ቀይረው ጨረሱ ወይ? ከመቀመጥ ብዛት ወገቤን ያመኛል ስትል ነበር፣ ተሻለህ? ዓይንህስ ደህና ነው? የዓይንህን ነገር አጥብቄ የምጠይቅህ በምክንያት ነው፤ ኋላ እደርስበታለሁ። እኔ አለሁ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ይለግማል እንጂ ሌላው አካላቴ ደህና ነው። ደህና ያልሆነው ሆዴ ነው፤ እሱንም ያመመው የበላሁት ሳይሆን ውጬ ዝም ያልኩት ነገር ነው።

በስልክ ያልነገርኩህ፣ በስልክ አስጨርሰኸኝ ስለማታውቅ ነው። "እትዬ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ፣ መልሼ እደውላለሁ" ትላለህ፤ ስትደውል ደግሞ ሌላ ስብሰባ ይጠራሃል። ደብዳቤን ግን ከአፉ ላይ የሚነጥቀው የለም። መጻፍ ከቻልኩ ገና አምስት ዓመቴ ስለሆነ እጄ ይዘገያል፤ ቢዘገይም ግድ የለኝም፣ ቁጣዬ በደንብ ይበስላል።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልህ። በጤና ጣቢያችን ላቦራቶሪ ሃያ ሁለት ዓመት ጠርሙስ አጥቤያለሁ። ወደ መለያ ጠረጴዛው ያዛወሩኝ ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ ነው። ደም የተቀዳበትን ብልቃጥ እቀበላለሁ፣ የታካሚውን ስምና የካርድ ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ አስገባለሁ፣ ከማተሚያዋ የምትወጣውን ተለጣፊ ወረቀት ብልቃጡ ላይ እለጥፋለሁ። ጠረጴዛው መስኮት አጠገብ ነው፣ ወንበር አለው፣ እጄም ደረቅ ሆኖ ይውላል። ደረቅ እጅ ላንተ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ለኔ ሹመት ነበር። ተለጣፊዋን የሚያሳትመውን ፕሮግራም የሠራኸው አንተ ነህ። አለቃችን ሰው ሲያፈላልግ "ወንድሜ ይችለዋል" ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ያኔ የገባሁልህ ዋስትና ነው ዛሬ አንገቴ ላይ የተጠመጠመው።

ባለፈው ወር መጀመሪያ የፕሮግራሙን አዲስ ጥቅል ላክህልን። ከድሮው የቀለለ ነው፣ ቶሎ ይከፈታል አልክ። እውነትም ቶሎ ተከፈተ። ስም አስገባሁ፣ ቁጥር አስገባሁ፣ አትም አልኩት፤ ማተሚያዋ ጭጭ። ኮምፒውተሩ ላይ በማላውቀው ፊደል ሦስት ቀይ መስመር ወጣ። ነርሷ በስልኳ ልታነሳው ብትሞክር መስታወቱ እያንጸባረቀ እምቢ አላት። ስለዚህ ወረቀት አወጣሁና እንደ ጥልፍ ንድፍ እያየሁ፣ ቀጥ ያለውን ቀጥ፣ የጎበጠውን ጎባጣ አድርጌ፣ ነጥቡንም ሳላስቀር ቀዳሁት። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ነርሷ ወረቀቱን በስልኳ አንስታ ላከችልህ። ምን መለስክ? "እትዬ፣ አጥፍታችሁ አብሩት።" አጠፋን፣ አበራን፣ ያው ነው። እንደገና ላክንልህ። "እኔ ጋ ይሠራል" አልክ።

እኔ ጋ ይሠራል። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ሲባል፣ እስከ ዛሬ ስለ እህል ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ምክንያቱን የነገረኝ ኮምፒውተር ጠጋኙ ነው። የያዘውን ማሽን ሁሉ ከውስጥ ስለሚቦረቡር ምስጥ እንለዋለን። በስምንተኛው ቀን መጣና ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። ፕሮግራምህ የትም ቢሄድ የማይለወጥ ትልቅ ክፍል አለው አለ። ማተሚያዋን የሚያናግራት ትንሽ ቁራጭ ግን ለየኮምፒውተሩ ዓይነት ለብቻው ይሠራል፤ እንደ ጫማ ነው፣ የአንዱ ላንዱ አይሆንም። ድሮ ሁሉንም ቁራጭ ባንድ ጆንያ አጭቀህ ትልክ ነበር። አሁን ጆንያው ከበደ ብለህ እያንዳንዱን ለየብቻ ቋጠርክ፤ ዋናው ጥቅል ላይም የትኛው ኮምፒውተር የትኛውን ቋጠሮ እንደሚጠራ የሚናገር ዝርዝር አኖርክ። ሐሳቡ የባለሙያ ነው፣ አላማሁትም አለ ምስጥ። ነገር ግን እንደኛ ላለው አሮጌ ኮምፒውተር የሚሆነውን ቋጠሮ ዝርዝሩ ላይ ሳትጽፈው ቀረህ። ያልተጻፈ አይጠራም፣ ያልተጠራ አይመጣም። አንተም በቤትህ አሮጌ ኮምፒውተር ሞክረኸዋል፤ እዚያ ግን ከበፊቱ ጥቅል የተረፈ ቁራጭ ተቀምጦ ስለነበር ሳትጠራው አቤት አለህ። የድሮው እንደኛ ጋ ተጠርጎ የወጣበት ማሽን ላይ አልሞከርከውም። በአፉ ጨው የያዘ ሰው የምግቡን አልጫነት በምን ያውቃል?

እስከዚያ ድረስ ብልቃጦቹ ላይ በእጄ ስጽፍ ሰነበትኩ። የእስክሪብቶ ቀለም ማቀዝቀዣው ውስጥ ወዝ ሲነካው ይለቃል፣ ሌላ ዘዴ ይፈለግ ብዬ ለአለቃችን ነግሬያለሁ። አልሰማኝም። በስድስተኛው ቀን የሁለት ነፍሰ ጡሮች ብልቃጥ ጽሑፉ ተጨማልቆ ተገኘ። ተረኛው ባለሙያ እኔን ቢጠራኝ ምን ነበረበት? በግምት ደግሞ ጻፈበት፤ የአንዷ የደም ዓይነት በሌላዋ ካርድ ላይ ሰፈረ። አዋላጇ ንቁ ሴት ናት፣ ይህ ከቀድሞ ካርዷ ጋር አይገጥምም ብላ ደግማ አስቀዳችና ፈጣሪ አወጣን። ባታየውስ ኖሮ?

አለቃችን ሁላችንንም ሰበሰበ። ወደ እኔ ሳያይ "ጥፋቱ የራሴ ነው፤ በስተርጅና በተማረ እጅ ላይ የሰው ነፍስ ጣልኩ" አለ። ያ በግምት የጻፈው ባለሙያ የጫማውን ክር ሲያስር ቆየ። በማግስቱ ወደ አጠባው መለሱኝ። ይኸው እጄ ሳሙና ውስጥ ነው፤ ጣቶቼ ተላልጠው እስክሪብቶ ስይዝ ያቃጥሉኛል። ወሩ ሲያልቅ ኮሚቴ ተቀምጦ ለዘለቄታው ይወስናል፤ ወይ ጠረጴዛዬ፣ ወይ ጠርሙሱ እስከ ጡረታ።

አንተስ? ምስጥ ደውሎ በገዛ ቋንቋችሁ ሲነግርህ በአንድ ጠዋት አስተካክለህ ላክህ። ማተሚያዋ አሁን እንደ ድሮዋ ትንጫጫለች፤ ድምጿ እማጠቢያው ድረስ ይሰማኛል። ወንበሬ ላይ የተቀመጠችው የአለቃችን ሚስት የእህት ልጅ ናት። ደውለህም "እትዬ፣ ተስተካከለ፣ በቃ አለቀ" አልከኝ። ምኑ ነው ያለቀው? ከአዲሱ ጥቅል ጋር ለአለቃችን የላክኸውን ማስታወሻ ምስጥ አሳይቶኝ ራሴ አንብቤዋለሁ። "አነስተኛ ማሻሻያ" ይላል። እኔን ከወንበሬ ያስነሳኝ ነገር አነስተኛ ማሻሻያ ተባለ።

እናታችን ስታርፍ አንተ ሰባት ዓመትህ ነበር፣ እኔ አሥራ አራት። ከሁለት አንዳችን ተማሪ ቤት መሄድ ነበረብን፤ አንተ ሄድክ፣ እኔ ልብስ አጠባ ገባሁ። አላማረርኩም አልልህም። አማርሬያለሁ፣ ግን ልኬሃለሁ። ከትምህርት ስትመለስ ፊደሉን በጣትህ እየጠቆምክ "ይቺ ማን ናት እትዬ?" ትለኝና ሳላውቃት ስቀር ትስቅ ነበር። የልጅ ሳቅ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ያሁኑን ግን ልተወው አልችልም፤ የልጅ አይደለም።

አሁን የምፈልገውን ስማኝ። ብር እንዳትልክልኝ፣ የእጅ ቅባትም እንዳትልክልኝ። ያ የቀዳሁት ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታጥፎ መጥቶልሃል። ምስጥ አይቶት አንዲት ፊደል አልሳትሽም፣ የጎደለው ቁራጭ ስሙ ሁለተኛው መስመር ላይ አለ ብሎኛል። ከየመስመሩ ሥር ምን እንደሚል ባማርኛ ጻፍበት። ከታች ደግሞ ዝርዝሩ ላይ መጻፍ የረሳኸው አንተ መሆንህን፣ የዚህ ወረቀት ፎቶም በመጀመሪያው ቀን ደርሶህ እንደነበር ጽፈህ ከነሙሉ ስምህ ፈርም። ለአለቃችን እንዳትልከው፤ ለኔ ላከው። ኮሚቴው ፊት ቆሜ የማነበው እኔ ነኝ። ስለ ዓይንህ የጠየቅሁህም ለዚህ ነው። እኔ የማላውቀውን ፊደል ሳልስት ጻፍኩት፤ አንተ የምታውቀውን አላነበብከውም።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክ ሆኖኛል፣ እሷን አልተቀየምኳትም። አማትህን ጉልበታቸውን እንዴት አደረጋቸው በልልኝ፣ በእሱ በሽታ እህትማማች ነን። መንታዎቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ፊደል የማያውቅ ትልቅ ሰው ካጋጠማቸው እንዳይስቁበት ምከርልኝ፤ ማን እንደመከራቸውም ንገራቸው።

ብቆጣህም የማልክድህ እህትህ፣

ከጠርሙስ ማጠቢያው ክፍል
ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን