አንድ ንግግር የጎደለው ዲግሪ

ሰኞ፣ ሰኔ 2። ረፋድ ላይ፣ ጉርድ ሾላ፣ የኮሌጁ ደረጃ ላይ ተቀምጬ።

ለወዳጅ ዘመድ፣ ለጎረቤት፣ ለእድራችን አባላት በሙሉ። የአቶ ናትናኤል የኮሙኒኬሽን ዲግሪ አራት ዓመት ሙሉ ደህና መስሎ ሲንቀሳቀስ ከቆየ በኋላ ዛሬ ጠዋት በድንገት ወድቋል። ልቅሶ መድረስ የምትፈልጉ ት/ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ማስታወሻዬ፣ አትሳቂ።

ቁርስ እየበላሁ ስልክ ይጠራል። የማላውቀው ቁጥር፣ የሴት ድምፅ። መ/ርት ሰብለ ነኝ ትላለች። አንድ ኮርስ ስላልጨረስክ ከተመራቂዎቹ ውስጥ የለህም፣ ቶሎ ና። ጀለሴ ቢኒ ነው አልኩ በልቤ። አምና የመ/ርት ሰብለን ድምፅ አስመስዬ «ነገ ክላስ የለም» ብዬ በቴሌግራም ልኬ ነበር። አምኖ የቀረው ቢኒ ብቻ ነው፣ እስከ ዛሬ ቂም ይዟል። እና ቢኒዬ ድምፅህ አምሮበታል፣ ባይሆን እንጋባ አልኩት።

በዚያው ድምፅ፣ ቀስ ብላ፦ «ናትናኤል፣ ቢሮዬ ነኝ። እጠብቅሃለሁ።»

እንቁላሉን ትቼ ጫማዬን ፈለግኩ።

ቢሮዋ ስገባ ስለ ጋብቻው አላነሳችም። ለዲግሪው የሚያስፈልገውን በጣቷ እያጠፈች ነገረችኝ። የጋራ ኮርሶች፣ ሎጂኩም ጂኦግራፊውም። አልፌያለሁ፣ እንዴት እንደሆነ እኔም አላውቅ። የሙያ ኮርሶች። አሉ። የተግባር ልምምድ። ሬዲዮ ጣቢያ ገብቼ ገመድ ስጠቀልል ከርሜያለሁ። የመመረቂያ ጥናት። ከቢኒ ጋር፣ ማለትም ቢኒ። የመውጫ ፈተና። አልፌያለሁ፣ ቢኒ እስካሁን አላመነም። እጇ ሞላ። ተነፈስኩ። ከዚያ በሌላኛው እጇ አንድ ጣት ቀሰረች።

በሕዝብ ፊት ንግግር ማድረግ። ሁለተኛ ዓመት ላይ የወሰድነው ኮርስ። ክፍል ገብቻለሁ፣ ፈተናውንም ጽፌያለሁ። የመጨረሻው ንግግር ቀን ግን እንጦጦ ላይ ፈረስ እየጋለብኩ ነበር። በውጤት ፈንታ ኢንኮምፕሊት፣ ማለትም «አልተሟላም» ተሰጠኝ። ሲኒየሮቹ ቆይቶ በራሱ ይስተካከላል አሉኝ፣ እንደ ጉንፋን። አልተስተካከለም።

አራት ዓመት ስለ መናገር ተማርኩ፤ አንድ ቀን ቆሜ አልተናገርኩም። ማን ያምናል ይሄን?

አንድ መውጫ አለች። ተማሪ ባልሆኑ ሰዎች ፊት ንግግር ማድረግ። ቀልድ የለበትም። መ/ርት ሰብለ መጥታ ትሰማለች። ስጨርስ ከአድማጭ አንዱን «ምን አለ?» ብላ ትጠይቃለች። በቁም ነገር የሰማኝ ሰው ካለ አለፍኩ። ከሌለ ለከርሞ። የተመራቂ ስም ለሴኔት የሚቀርበው የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ማክሰኞ ነው።

ያው ሰኞ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ቤት።

ባነሩን ረስቼው ነበር። የካ ሚካኤል ከታክሲ ወርጄ ወደ ሰፈር ስታጠፍ ራሴን በራሴ አየሁት። ከበራችን ፊት ለፊት፣ ከምሰሶው እስከ ሱቁ ጣሪያ ተወጥሬ። ጋዋን ለብሼ፣ እንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር፣ ጥርሴን ገልጬ። «እንኳን ደስ አለህ ናቲ፣ በኮሙኒኬሽን በማዕረግ።» እኛ ሰፈር ፎቶው ምርቃቱን ይቀድማል፣ ባነሩም ፎቶውን ተከትሎ ይወጣል። «በማዕረግ» የምትለዋን ግን ማን እንደጨመራት ጠየቅሁ። እማ ናት።

ነገርኳት። እማ፣ ዘንድሮ ላልመረቅ እችላለሁ አልኩ። መሃል ላይ ሳቄ መጣ። ከድንጋጤ የሚመጣ ሳቅ አለ አይደል፣ እሱ። እማ ጥርሴን አየችና እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። አምና የበረራ አስተናጋጅ ሆኜ ተቀጠርኩ ብያት ለሰፈሩ አዳርሳ ነበር። ሁለተኛ አልሸወድም አለች። ደብረ ብርሃን ያለው አጎቴ ጋ ደወለች፣ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ።

«ስማ፣ ናቲ ደግሞ አልመረቅም አለልህ።»

አጎቴም ሳቀ። በጉን ገዝቻለሁ፣ ይዤ እመጣለሁ አለ።

በግ። አምላኬ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4። ቀበና፣ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠልዬ።

ልምምድ። ታክሲ ውስጥ ሰው አለ፣ እስኪወርድም ማምለጫ የለውም ብዬ። «ክቡራትና ክቡራን» ከማለቴ አጠገቤ የተቀመጡት እናት «እግዜር ይስጥህ ልጄ» ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ልመና መስሏቸው ነው። አይደለም፣ ላስረዳዎት ስል ረዳቱ ስብከት ከሆነ ውረድ አለኝ። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ድልድዩ ጋ ወረድኩ። ዝናብ።

ማስታወሻዬ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲያስቀኝና ሳስቅ ኖርኩ። ዝም ብሎ የሚሰማኝ አንድ ሰው ማጣቴን ዛሬ ነው ያወቅሁት። ደንግጫለሁ። ልብሴም ረጥቧል።

ደውዬለት ቢኒ መጣ። እሱም መጀመሪያ ሙድ እየያዝክብኝ ነው አለ። መ/ርት ሰብለን እንጋባ እንዳልኳት ስነግረው ግን አመነ። ይሄን ከራስህ ልትፈጥረው አትችልም አለና ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ሲጨርስ አንድ ቁም ነገር ተናገረ። እሁድ የእድር ስብሰባ አለ።

ዓርብ፣ ሰኔ 6። ጠዋት።

ጋሽ ደምሴ ጋ ሄድኩ። የእድራችን ለፋፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ጎህ ሲቀድ በሜጋፎን የሚለፍፉት እሳቸው። እኔ ደግሞ የእሳቸውን ድምፅ አስመስዬ፣ ሞተ ብዬ ለፍፌ፣ ቢኒን በሕይወት እያለ ቀብሬዋለሁ፣ እናቱ እስክትወጣ ድረስ። እንደማያውቁ አስብ ነበር። ያውቃሉ።

«እኔ ስጣራ ሰው ነጠላውን ይዞ ይወጣል» አሉኝ። «አንተ ስትጣራ አልጋው ላይ ሆኖ ይስቃል። የኔ ድምፅ ካንተ ይበልጣል እንዴ?»

ስቀልድበት የኖርኩት ድምፅ ነው፤ ጎንበስ ብዬ የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

ለእድሩ ዳኛ ነግረው አስፈቀዱልኝ። ስም ከተጠራ በኋላ። ሁለት ነገር አስጠነቀቁኝ፦ ድምፄን እንዳትቀማኝ፣ ደግሞ ሰዉን የሚጠቅም ነገር ተናገር። ክረምቱ ገብቷል፣ የጎርፍ ቱቦው ተደፍኗል፣ ስለ እሱ እናገራለሁ አልኩ። መ/ርት ሰብለም እመጣለሁ አለች።

እሁድ፣ ሰኔ 8። ከሰዓት። ቤት፣ በሩን ዘግቼ።

ድንኳኑ ሞልቷል። እማ ፊት ወንበር ላይ። ልጇን ኮሌጁ እንዲያስተምር ልኮት ነው ብላ ለጎረቤቶቿ ታስረዳለች። መ/ርት ሰብለ ጥግ ላይ፣ ጃንጥላዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። ቢኒ አፉን በእጁ ይዞ።

እቆማለሁ። «ውድ የእድራችን አባላት፣ ጎርፍ…» አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ከዚያ ረድፉ። ከዚያ ድንኳኑ። ቱቦው በፌስታል ተደፍኗል እላለሁ፣ ይስቃሉ። አምና የታችኛው ቤት ውሃ ገብቶ ነበር እላለሁ፣ ውሃው የገባባቸው ሰውዬ ራሳቸው ይስቃሉ። ፊቴን በኮሰተርኩ ቁጥር ይብስባቸዋል። እማ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነው። መ/ርት ሰብለ አትስቅም። ሰዓቷን ታያለች።

በድንኳኑ መግቢያ በኩል ባነሩ ይታያል። እኔ፣ ጥርሴን ገልጬ።

ጎርፉን ተውኩት።

ባነሩ ውሸት ነው አልኩ። አልጨረስኩም። አንድ ኮርስ ጎድሎኛል፤ ንግግር ማድረግ በነበረብኝ ቀን ፈረስ ልጋልብ ሄድኩ፤ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። እማዬ፣ ሰኞ የነገርኩሽ ቀልድ አልነበረም። ሳቄን ጠበቅሁት፣ እንደ ልማዱ በመሃል ይመጣል ብዬ። አልመጣም። ቀጠልኩ። አጎቴ በግ ይዞ እየመጣ ነው አልኩ። በግ ላይ እንኳ ማንም አልሳቀም። በሌላ ቀን ቢሆን ድንኳኑ ይፈርስ ነበር።

ተቀመጥኩ።

መ/ርት ሰብለ ተነሥታ ራሷን አስተዋወቀች። ምን አለ ልጁ ብላ ጠየቀች። እማ እጇን አወጣች።

«አልጨረስኩም ነው ያለው። ስለ ጎርፉ ያለውን አልሰማሁትም፣ ስስቅ ነበር። ይሄ ልጅ ሲቀልድ ቀድሞ የሚስቀው እሱ ነው። አሁን አልሳቀም።»

ይሄን ብላ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። ወደ እኔ ሳትዞር።

ቤት ስደርስ ምሰሶው ባዶ። ባነሩ አልጋዬ ላይ ነው። በሥርዓት ታጥፏል፣ «በማዕረግ» የሚለው ከላይ ሆኖ። እማ ወጥ ቤት ናት። ምሳ አቀረበችልኝ።

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ፣ ሰኔ 9። ከምሳ በኋላ።

ስልክ። በዚህኛው «አቤት መምህርት» አልኩ፣ ቆሜ። ስለ ጎርፍ የተናገርከው ደካማ ነው አለችኝ። መግቢያ የለውም፣ ማስረጃም የለውም። ሁለተኛው ክፍል ግን ተሰምቷል። አልፈሃል፣ ስምህ ነገ ሴኔት ይገባል።

ተመልከቺ እስቲ፣ ማስታወሻዬ። አልመረቅም ብዬ ሰፈር ሙሉ አሳመንኩ፣ በማሳመኔ ልመረቅ ነው።

ሮጥኩ። እማ ሽንኩርት ትልጣለች። አለፍኩ፣ እመረቃለሁ አልኳት። ግን ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። አፌ እስከ ጆሮዬ። ጥርሴን አየች፣ ሽንኩርቷን አየች።

«በቃህ ናቲ። ለአጎትህ በጉን ተው ብዬዋለሁ። አታድክመኝ።»

መ/ርት ሰብለ ጋ እንደውል አልኩ። ድምፅ የሚያስመስል ጓደኛ እንዳለህ አውቃለሁ አለች።

ጋሽ ደምሴ ጋ ሄድኩ። በሜጋፎን ይለፍፉልኝ አልኳቸው። እምቢ አሉ። ሜጋፎኑ ለሞተ ሰው ነው፣ ሰዉን በሆነው ባልሆነው አናስደነግጥም። መሰላል ግን አበደሩኝ።

ወስኛለሁ። ባነሩን ራሴ እሰቅላለሁ። «በማዕረግ» ላይ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ። መሰላሉን ምሰሶው ላይ አቁሜ መጥቼ ነው የምጽፍልሽ፤ በመስኮት አየዋለሁ። እማ ወጥታ የመሰላሉን አንድ እግር ይዛለች። አመንሽኝ ወይ አልኳት በመስኮት። አላመንኩህም፣ እንዳትወድቅ ነው አለች። ግን ይዛለች።

ልሂድ፣ እጇ ይደክማል። ባለፈው ሰኞ ለዲግሪዬ የለፈፍኩትን ልቅሶ ግን ሰርዢልኝ፣ የመጡትንም ይቅርታ ጠይቂልኝ። ሲታይ አንድ ኮርስ ነበር። ያን ያህል የሚያስለፍፍ ነገር አልነበረም።