ስም የሌላቸው ብልቃጦች

ውድ እማዬ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ሰላምታውን በዚሁ ላሳጥረው። ብዙ ከጠየቅኩሽ ዋናውን ነገር ሳልነግርሽ ድፍረቴ ያልቃል። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የአክስቴ ልጅ ዳርል ነው። ምን እንደተጻፈበት አያውቅም፤ የማርማላታሽን ጠርሙሶች ስመልስልሽ አብሬ የላክሁት የምስጋና ወረቀት ነው ብዬዋለሁ። ባለፈው ስደውልልሽ «ክሊኒክ ነይልኝ» ብልሽ ነገሬን ሳታስጨርሺኝ ጆሮዬ ላይ ዘጋሽብኝ። ወረቀት ደግነቱ ብታጥፊው እንኳ ተመልሰሽ መዘርጋትሽ አይቀርም፤ አውቅሻለሁ።

ነገሩን አስቀድሜ ልንገርሽና ልገላገል። ዓርብ ጠዋት ክሊኒኩ ውስጥ ስብሰባ አለ። መድኃኒቴን እንደ እስካሁኑ ቤቴ ወስጄ እንድጠጣ ይፈቀድልኝ ወይስ ይከልከል ብለው የሚወስኑት ያን ዕለት ነው። ከከለከሉኝ በየቀኑ ጎህ ሳይቀድ ተራራውን ተሻግሬ መድኃኒቱ የሚታደልበት መስኮት ጋ ተሰልፌ መጠጣት አለብኝ። ብሬሊንን ቁርስ አብልቶ የትምህርት ቤት አውቶብስ ላይ የሚያሳፍራት ሰው አይኖርም፤ ልጄ ተመልሳ አንቺ ቤት ትገባለች ማለት ነው። ይህን ሊያስቀርልኝ የሚችል ሰው ደግሞ አንቺ ብቻ ነሽ። እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ቅዳሜ የመጣሽ ዕለት እኔና ብሬሊን ወንዙ ዳር ወርደን ነበር። ስንመለስ ቤቱን የባቄላና የበቆሎ ዳቦ ሽታ ሞልቶታል፤ አንቺ እጅጌሽን ሰብስበሽ የዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆመሻል። ከማጠቢያው ሥር በዳቦ ላስቲክ አድርጌ ያስቀመጥኳቸውን ባዶ የመድኃኒት ብልቃጦች አግኝተሻቸዋል። ሙሉዎቹ ቁም ሣጥኑ ላይ፣ ቁልፍ ባለው ሣጥን ውስጥ ናቸው፤ እነሱን አልነካሽም። ባዶዎቹን ግን በፈላ ውሃ ዘፍዝፈሽ፣ የተለጠፈባቸውን ወረቀት በጥፍርሽ ልጠሽ፣ ንጹህ ጨርቅ ላይ ደፍተሽ ደርድረሻቸዋል። የፖም ማርማላታ ልትሞይባቸው የተዘጋጀሽ ነበር የምትመስዪው።

«እማዬ፣ ምን አደረግሽ?» አልኩሽ።

«ምን አደርጋለሁ፣ አጠብኩልሽ! ሙሉ ስምሽ ተጽፎበት እንዲህ ሜዳ ላይ ይጣላል እንዴ? ቆሻሻ የሚሰበስበው የሉተር ልጅ ነው። እሱ ያየውን እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ይሰማዋል።»

«ወረቀቶቹስ?»

«ምድጃ ውስጥ። አይዞሽ፣ አንድም አልቀረ። ያ ውሃሽ የማን እንደሆነ ከእንግዲህ እግዜርና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው።»

ፊትሽ በርቶ ነበር። ብልቃጡን የምጥለው ሳይሆን ለክሊኒኩ የምመልሰው መሆኑን፣ ስሜና ቀኑ ካልተነበበበት እንደማይቀበሉኝ ልነግርሽ አፌን ከፈትኩ። ብሬሊን ግን ማንኪያዋን ይዛ ዓይን ዓይናችንን ታያለች። ስለዚህ «አመሰግናለሁ» ብዬሽ ተቀመጥኩ። ያን ባቄላ እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ሰኞ ትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ድንች እየላጥኩ ስልኬ ጮኸ። ክሊኒኩ አንዳንዴ ሳያስጠነቅቅ ይጠራል። ሲጠራሽ ሙሉውንም ባዶውንም ይዘሽ በነጋታው መስኮቱ ሳይዘጋ መድረስ አለብሽ። መድኃኒቱን ለሌላ ሰጥተሽው ወይም ሸጠሽው እንደሆነ የሚያውቁት በዚህ ነው። አልፈርድባቸውም፤ በዚህ ሸለቆ ውስጥ ልጅ ሳያውቅ ጠጥቶት የተቀበረበትን ቤት አንቺም እኔም እናውቀዋለን። ግን እንዲያው ከሳምንቱ ሁሉ ለይተው በዚያ ሰኞ መጥራታቸው! ለካስ ጣጣ ሲመጣ ቀጠሮ አይዝም።

ማክሰኞ ገና ጨለማው ሳይገፈፍ ተሰለፍኩ። የዳቦ ላስቲኬን ደረቴ ላይ አቅፌ እንደቆምኩ ከፊቴ ያሉት ሽማግሌ ዘወር ብለው አዩኝ።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ኖራ መሰለ? ስንቅሽን ሊቆጥሩ ጠሩሽ?» አሉኝ። ቤታችን ይዘነው የምንሄደውን መድኃኒት ስንቅ ነው የምንለው።

«ቁጥሩስ ልክ ነው። ስሙ ነው የጠፋው።»

«ስም ደግሞ እንዴት ይጠፋል?»

«እናቴ ላጠችው።»

ከት ብለው ሳቁ፤ ከኋላዬ ያሉትም ሳቁ። ከዚያ የተደረደሩትን ባዶዎች በላስቲኩ አሳልፈው ሲያዩ ሳቃቸው ቆመ። «ውይ፣ ይሄስ ጉድ ነው» አሉ በቀስታ።

መስኮቱ ላይ ያለችው ነርሷ ኖሬታ ናት። አንዱን ብልቃጥ ወደ መብራቱ አንስታ አገላበጠችው።

«ትሬሳ፣ ይሄ ምንድን ነው? መስታወት አደረግሽው እኮ!»

«እናቴ ናት ያጠበችው። ሰው ስሜን እንዳያይብኝ ብላ።»

«የኔ እህት፣ እዚህ መስኮት ላይ ያልሰማሁት የለም። ውሻ በላው ተብያለሁ፣ ጎርፍ ወሰደው ተብያለሁ። እናቴ ስሜን ላጠችው ያለኝ ግን እስከ ዛሬ አልነበረም።»

«እውነቴን ነው።»

«እኔማ አምንሻለሁ። የኔ ማመን ምን ይሠራልሻል? ስም የሌለው ብልቃጥ የማንም ብልቃጥ ነው።»

አማካሪዬ ሚስተር ቲግም ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲናገረኝ ዓይኔን ማየት ግን አልቻለም። ሙሉዎቹ ትክክል ናቸው፣ የጎደለ ጠብታ የለም አለኝ። ባዶዎቹ ግን የኔ መሆናቸውን የሚናገር ነገር የለም። «እናትሽ ዓርብ መጥተው ያደረጉትን በአፋቸው ይናገሩ» አለ። በስልክ አይሆንም ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ በስልክማ ማንም ተነስቶ እናቷ ነኝ ሊል ይችላል አለኝ። እስከዚያ ድረስ ስንቄ ታግዷል።

ስለዚህ ከማክሰኞ ወዲህ ብሬሊንን በእንቅልፏ ተሸክሜ ኋላ ወንበር ላይ አስተኛታለሁ፤ ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥመሽ በሰፋሽላት ብርድ ልብስ ጠቅልዬ። ትናንት ስንመለስ አውቶብሱ አምልጦን ስለነበር እዚያው መኪና ውስጥ ፀጉሯን በጣቴ አበጠርኩላት።

«እማ፣ ወደ አያቴ ቤት ልመለስ ነው?» አለችኝ።

«ማን አለሽ?»

«ማንም። ቦርሳዬን ግን አዘጋጅቻለሁ።»

ቦርሳዋን ከፈትኩት። ደብተሮቿን አውጥታ የሌሊት ልብሷንና ያቺን አንድ ዓይኗ የወለቀ የጨርቅ ጥንቸል አስገብታበታለች። እማዬ፣ ቤቴ ከመጣች ወዲህ ያቺን ጥንቸል ከትራሷ ሥር አንስታት አታውቅም ነበር። መሪውን ይዤ እንዴት ትምህርት ቤት እንዳደረስኳት አላስታውስም።

የዓርቡን ነገር ነበር ማክሰኞ ማታ በስልክ ልነግርሽ የሞከርኩት። አንቺ ግን «እኔ? እዚያ በር ላይ ልቆም? ሰው ምን ይለኛል?» አልሽ። ቀጥለሽም «ብሬሊን እንደሆነች እኔ ጋ ትምጣ፤ ምን ጎድሎባት ነበር?» አልሽና ዘጋሽው።

እንግዲህ የማይባለውን ልበለው። ከዚያ ወዲህ አንድ ክፉ ሐሳብ ሆዴ ገብቶ አልወጣልኝም። ምናልባት እማዬ ልጄን መልሳ ልትወስድ ፈልጋ ይሆን እላለሁ። ወዲያው ብልቃጦቹ ጨርቁ ላይ እንዴት ተስተካክለው እንደተደረደሩ ትዝ ይለኛል፤ ሊጎዳኝ ያሰበ ሰው እንደዚያ አያጥብም ብዬ በራሴ አፍራለሁ። ድንች ስልጥ ግን ሐሳቡ ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ እያሰብኩሽ ከመክረም ብታዝኚብኝም ብነግርሽ ይሻላል ብዬ ነው።

«አንዱን ሱስ በሌላ ለወጥሽው» ትይኛለሽ። የሆስፒታሉ ሥራ ጀርባዬን ከጎዳው ወዲህ፣ ለሕመሙ የታዘዘልኝ ያ ኪኒን ምን እንዳደረገኝ አንቺ አይተሻል፤ አልደግመውም። ያ ውሃ የምትዪው፣ ከኪኒኑ ያላቀቀኝ ሜታዶን ግን አያሰክረኝም። ጠጥቼው የማደርገውን ታውቂያለሽ? እንቁላል እጠብሳለሁ፤ ጫማሽን አድርጊ ብዬ እጮኻለሁ፤ አውቶብሱ መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር እጄን አውለበልባለሁ። ሌላ ምንም የለውም። እኔ እንዲነጠቅብኝ የማልፈልገው ይህንኑ ነው።

አባዬ ሳንባው በከሰል አቧራ የተያዘ ጊዜ፣ ያንን የኦክስጅን ጠርሙስ በጋሪ እየጎተትሽ ቤተ ክርስቲያን የምታስገቢው አንቺ ነበርሽ። ጎማው ሲጥጥ እያለ፣ ፓስተሩ ስብከቱን አቋርጦ እየጠበቀን፣ ከፊት ወንበር ነበር የምንቀመጠው። ጠርሙሱ ላይ የአባዬ ስም በትልቁ ተለጥፎበት ነበር። አንድ ቀን እንኳ አላፈርሽበትም። እኔንም በዚያ ዓይንሽ እንድታዪኝ እንዴት እንደምመኝ አታውቂም፤ ነግሬሽ ስለማላውቅ አልቀየምሽም። ይኸው አሁን ነገርኩሽ።

የምትፈሪው ሰው ያየኛል ብለሽ ከሆነ ደግሞ ስሚኝ። ሰልፉ ላይ የሳቁብኝ ሽማግሌ ማን መሰሉሽ? ሃርሊስ ናቸው። አዎ፣ የኛው ሃርሊስ፤ ከአባዬ ጋር ማዕድን ጉድጓድ የወረዱት፣ እሁድ እሁድ የመባውን ሳህን ይዘው በወንበርሽ በኩል የሚያልፉት። እኔ ከአፌ አላወጣውም ነበር፤ ንገሪያት ያሉኝ ራሳቸው ናቸው። ትናንት ጠዋት ከመኪናዬ ጎን ቆመው ብሬሊንን በመስኮቱ ካዩዋት በኋላ፣ «ለእናትሽ ለቨርና እንዲህ በያት» አሉኝ። «ዓርብ ከመጣች በሩን የምከፍትላት እኔ ነኝ። ማፈር ካለባትም አብረን እናፍራለን።»

ዓርብ ጎህ ሳይቀድ ደጅሽ ላይ መኪናዬን አቆማለሁ። ክላክስ አላደርግም፣ በርም አላንኳኳም። የበረንዳሽ መብራት ከበራ ጉልበትሽ እስኪፍታታልሽ ድረስ እጠብቅሻለሁ። ካልበራ መንገዴን እቀጥላለሁ፤ መድኃኒቴንም እጠጣለሁ፤ አንቺንም መውደዴን አልተውም። ብሬሊን ግን ኋላ ወንበር ላይ ነቅታ መስኮትሽን ስታይ ትሆናለች። ይህን የጻፍኩት ላስጨንቅሽ ብዬ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ብቻዬን ልጨነቅ እንዴ? የፊቱን ወንበር ጠርጌ ባዶ አድርጌልሻለሁ።

ከዚህ በታች ስሜን ክሊኒኩ ብልቃጡ ላይ እንደሚጽፈው ሙሉውን ጽፌዋለሁ። ደብዳቤውን ከፈለግሽ ምድጃ ውስጥ ጨምሪው። ስሜን ግን መጀመሪያ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው፤ ያወጣሽልኝ አንቺ ነሽ።

ልጅሽ፣
ትሬሳ ሜይ ፍሬሊ