ሰባት ቤት የተቆጠረለት ውሻ

ለተከበሩ ለጋሼ ይርሳው ቢተው፤

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ክረምቱንስ እንዴት አለፉት? እትዬ የሺሀረግስ ወገቧን ተሻላት? ዓይንዎ እንደደከመ ሰምቻለሁና ደብዳቤውን ልጅዎ ብሩክታይት ታንብብልዎ። እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። ከዚያ በላይ ስለ ጤናዬ የምጽፈው የለኝም።

ለይገረም ቀብር ባለመድረስዎ አልተቀየምኩም፤ የመንገዱን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። አርባውን መስከረም አሥራ ሁለት አወጣን። ያን ጊዜ በስልክ እንዴት ሞተ ብለው ሲጠይቁኝ ወባ ነው ብዬ ዘጋሁት፤ ወባ መሆኑስ እውነት ነው። ዛሬ ቀስ እያልኩ ልንገርዎ።

ልጄ በመንጌ መንገድ ባለ የወርቅ ፍለጋ ካምፕ ውስጥ የውሻ ተንከባካቢ እንደነበር ያውቃሉ። ውሻው ሮልፍ ይባላል። ጆሮው የቆመ የጀርመን ውሻ ነው፤ ከውጭ ሲመጣ ከነትውልድ ወረቀቱ ነው የመጣው። አባቱ፣ እናቱ፣ አያቶቹና ቅድመ አያቶቹ ሁሉ በየሳጥናቸው ተጽፈዋል። ይገረም ለእረፍት ሲመጣ ወሬው ይኸው ነበር። ከመቶ ዓመት በፊት አንድ የጀርመን መኮንን በውሻ ትርኢት ላይ የበግ ጠባቂ ውሻ አይቶ እዚያው ገዛው አለኝ። መዝገብ ከፍቶ ቁጥር አንድ ብሎ ጻፈው፤ የዛሬዎቹ ሁሉ የዚያ ውሻ ዘሮች ናቸው አለኝ። ውሻውን ያሳደገው እረኛስ ማን ይባላል ብዬ ብጠይቀው፣ የእሱን ስም አላገኘሁትም አለ። መልካቸው እንዳይለወጥ ዘመድን ከዘመድ፣ አያትን ከልጅ ልጅ ያዳቅሉ ነበር፤ ዳሌያቸው ቶሎ የሚደክመው ከዚህም የተነሣ ነው ሲለኝ አማተብኩ። እሱ ሳቀብኝ።

«እማዬ፣ እኛ ሰባት ቤት የምንቆጥረው እንዳንጋባ ነው። እነሱ የሚቆጥሩት ሊያጋቧቸው ነው።»

ነሐሴ አምስት ቀን ውሻው ታመመ፤ የመዥገር በሽታ ነው። በካምፑ መኪና እዚህ አሶሳ ወደ እንስሳት ሐኪም ሰደዱት፤ ይገረም ከኋላ ክፍቱ ላይ ተቀምጦ አቅፎት መጣ። ታክሞ ሲመለሱ በእኔ በር አለፉ። የአቦ ጽዋ ተራዬ ነበርና ዳቦ ደፍቼ ቤቱን አሰናድቻለሁ። ከነውሻህ እንዳትገባ፣ ጽዋ አለብኝ አልኩት። እሺ እማዬ፣ አልወርድም አለኝ። የውሻውን ወረቀቶች በፕላስቲክ እንደተጠቀለሉ በአጥሩ ላይ አሻግሮ ሰጠኝና፣ ዝናብ እንዳይነካቸው ያዢልኝ፣ ለእረፍቴ ስመጣ እወስዳቸዋለሁ አለ። ጣቶቹ ሲነኩኝ ያቃጥሉ ነበር። ውሻውን አቅፎ ስለመጣ ነው አልኩ በልቤ። ይህን ብዬ ወደ ዳቦዬ ተመለስኩ።

በሦስተኛው ቀን ሬሳውን አመጡልኝ።

ከትውልዱ ወረቀት ጋር የሐኪሙ ካርድ አብሮ አለ። የውሻው ትኩሳት አርባ ነጥብ ስምንት ተብሎ ተጽፏል፤ መርፌውም፣ ሰዓቱም አልቀረም። ውሻው ድኗል። የልጄን ትኩሳት የለካ ሰው የለም። እኔ እንኳ ትኩሳቱን በእጄ ላይ አኑሮልኝ አልለካሁትም።

በመስቀል ማግስት አንድ የካምፑ ሹም ያን ቀን ይገረምን ካመጣው ሾፌር ከዋሊድ ጋር መጣ። እግዜር ያጥናሽ አለና ሳይቀመጥ ወረቀቱን ጠየቀኝ። ውሻው ለዘር ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ነው። «ያለ ወረቀቱኮ ተራ ውሻ ነው» አለኝ። ዋሊድ አንገቱን ደፋ። ሹሙ ወደ መኪናው ሲሄድ ወደ ኋላ ቀረና፣ «እማማ፣ ልጅሽ ጃኬቱን ለውሻው አልብሶ ይንቀጠቀጥ ነበር። ብርድ መስሎኝ ነው» አለኝ። እሱ ብርድ መሰለው፣ እኔ የውሻ ሙቀት።

ለሹሙ፣ ወረቀቱን የት እንዳኖርኩት ጠፍቶኛል፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስ ብዬዋለሁ። ዋሸሁ። ትራሴ ሥር ነው ያለው። ልቀደው ሁለት ጊዜ አንሥቻለሁ። ግን ውሻው ምን አጠፋ? ይገረም ይወደው ነበር። እሰጣቸዋለሁ። ጀርባው ባዶ ስለሆነ ግን በዚያ ላይ የልጄን ሰባት ቤት በእስክሪብቶ እጽፍበታለሁ። የውሻውን ዘር የፈለገ የልጄንም ያንብብ። ይገረም፣ ምንውየለት፣ ቢተው፣ እንግዳ፣ ዘገየ እያልኩ አምስት ደረስኩ። ወንድምዎ ምንውየለት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከዚያ በላይ ሳይነግረኝ ሄደ። የቀሩትን ሁለቱን የሚያውቁ እርስዎ ብቻ ነዎት። ይህን መጠየቅ የነበረብኝ ለልጄ ሽማግሌ ልልክ ስል ነበር። ደብዳቤውን የሚያደርስልዎ ጎረቤቴ ጃለታ ከጥቅምት ዘጠኝ በፊት ይመለሳልና ስሞቹን በእሱ ይላኩልኝ። እንዳልሳሳት ብሩክታይት በትልቁ ትጻፋቸው።

እትዬ የሺሀረግን ሰላም ይበሉልኝ፤ የላከችልኝ ነጠላ ደርሶኛል፣ ለአርባው ለብሼዋለሁ። ብሩክታይትን ስለ ንባቧ ያመስግኑልኝ። ትንሹን የልጅ ልጅዎን ነብዩን ሰላም ሲሉልኝ ደግሞ ግንባሩን በመዳፍዎ ይንኩልኝ።

የወንድምዎ ባለቤት ትሁኔ
አሶሳ፣ መስከረም ፳፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.