ቀፎ ያጠለቀው የመቱ ሰልፍ

ወዳጄ ወንድይራድ፣

መቱ በመምጣቴ ታደልኩ! የጣሊያኑ ሹም «ካርኔቫሌ» የሚሉትን የጭምብል በዓል አውጆ፣ «ማንም ቤቱ እንዳይቀር» አለ። ጭምብል ከየት ይምጣ? ማር ነጋዴው ጋሼ ሀምዱ መላ ዘየዱ፤ ሁላችንም ለዓይን የተቀደደ አሮጌ ቀፎ ራሳችን ላይ አጥልቀን፣ ጋቢ ተከናንበን በከበሮ ወጣን። ሹሙ ፊት ስንደርስ ጋሼ ሀምዱ በትከሻቸው የተሸከሙትን ሌላ ቀፎ ከፈቱት፤ ለካ ንብ ሞልቶታል! ሹሙ ወንበሩን ገልብጦ ሲፈረጥጥ ብታይ! አዲስ አበባ ተነድተን ለጣሊያኖች ስናጨበጭብ ትዝ አለኝ፤ እዚህ የሚጨበጨብለት ጠፍቶ ለራሳችን ስንጨፍር ዋልን። የሹሙ አስተርጓሚ ስለ ንቦቹ ሲያፋጥጣቸው ጋሼ ሀምዱ፣ «ማንም ቤቱ እንዳይቀር ተብሎ የለ!» አሉት።

ይህን ካርድ በነጋዴ እጅ ልኬልሃለሁ፤ እትዬ መንበረን ሳምልኝ። እናንተንም አጨብጭቡ ብለው ከጠሯችሁ፣ ንቦቹ እንዳይቀሩ!

ያንተው አሰፋ