መጋረጃ ቤቱ ቁማር ቤት የሆነ ሰሞን

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

አዲስ ነገር የለም። ሦስት መጋረጃ ሰፋሁ፣ አንዱን መልሼ ፈታሁ። ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ «ድረ ገጽዎን ያድሱ» አለኝ። እኔም እንደ ልማዴ «በኋላ አስታውሰኝ» የሚለውን ተጫንኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ስንባባል ኖርን። ተቆጥቶኝ አያውቅም። እንዲህ ያለ ታጋሽ ከየት ይገኛል?

እማዬ ደወለች። ታናሽሽን ጉንፋን ይዟታል አለችኝ፣ ሳልጠይቃት። እህቴ ከሱቁ ጥላኝ ከወጣች ወዲህ ወሬያችን የሚያልፈው በእማዬ በኩል ነው... ያውም ቅመም ተጨምሮበት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 7

አንዲት ደንበኛ ደወለች። አፍራለች መሰለኝ፣ ድምፅዋ አይሰማም። «የሳሎን መጋረጃ ልመርጥ ብገባ፣ ቁማር ተጫወቺ ይለኛል» አለች።

ከፈትኩት። እውነቷን ነው። መጋረጃዎቼ የሉም። በእነሱ ቦታ የዕድል ጎማ ይሽከረከራል፣ የወርቅ ሳንቲም ይዘንባል። ከላይ የሱቃችን ስም እንዳለ አለ። ስማችንን አልነኩም... ጨዋዎች ናቸው።

የይለፍ ቃሌን አስገባሁ። «ተሳስተዋል» አለኝ። ደገምኩ። «ተሳስተዋል»። በገዛ ቤቴ ደጃፍ ቆሜ ማን ነሽ ተባልኩ።

ሳቁ አልመጣልኝም ግን። ሱቄ ጓሮ ነው፣ በመንገድ የሚያልፍ ሰው አያየኝም። ሥራ የሚመጣልኝ በዚያ ገጽ ብቻ ነው። እሱ ካልተመለሰ መቀሴን መስቀሌ ነው።

ከሰዓት በኋላ ድረ ገጹን የሚያስቀምጥልኝ ድርጅት ጻፈልኝ። አጠራጣሪ እንቅስቃሴ ስላየን ይጠንቀቁ ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

የይለፍ ቃሉን የምናውቀው ሁለት ሰዎች ነን። እኔ... እና ገጹን የሠራችው እህቴ። እኔ አይደለሁም። እንግዲህ ሒሳቡ ቀላል ነው።

«ልጅሽ ናት» አልኳት እማዬን። እሷ እንኳን ቁማር ሎተሪም ቆርጣ አታውቅም አለች። ለማንም እንዳትናገሪ ብዬ ዘጋሁ። ለእማዬ! ለማንም እንዳትናገሪ! ምን ነክቶኝ ነው?

ዓርብ፣ ጥቅምት 9

ከእህቴ መልእክት። በሁለት ዓመት የመጀመሪያው። «አንቺን ለመጉዳት ኮምፒውተር አያስፈልግም። መቀስሽ ይበቃሻል።»

ይኸው። አልረሳችውም። የዚያ የሠርግ አዳራሽ መጋረጃ... እሷ ለካች፣ እኔ ቆረጥኩ። የተሰቀለ ቀን ከወለሉ አንድ ስንዝር ሽቅብ ቀረ። ከኋላው የሚያልፈው አስተናጋጅ ሁሉ ጫማው ይታያል። እሷ መቀስሽ ነው አለች፣ እኔ ሜትርሽ ነው አልኩ። በማግስቱ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

ሜትሯ ነው። አልመለስኩላትም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 12

የኮምፒውተር ጠጋኝ መጣ። ገና ሳይቀመጥ «ከመቼ ጀምሮ ነው ያመማት?» አለኝ ስለ ድረ ገጹ። ከዚያ ወዲህ ዶክተሩ ብዬዋለሁ።

የእህቴን ጉዳይ ነገርኩት። ሳቀብኝ። «እርስዎን የሚያውቅ ሰው አይደለም። ፕሮግራም ነው። የሰዉን ሁሉ በር እየገፋ ያልፋል፣ ያልታደሰ ካገኘ ይገባል።»

ያልታደሰ። ያ ታጋሽ ወዳጄ ሁለት ዓመት የለመነኝ ይህንን ኖሯል። ለካ የዘረፈኝ ስሜን እንኳ አያውቀውም። ትንሽ የግል ጥላቻ ቢኖርበት እኮ ክብር ነበረው።

ንጹሕ ቅጂ አለዎት ወይ አለኝ። እንዴታ፣ ድርጅቱ ያስቀምጥልኛል አልኩ በኩራት። ከፍቶ አየው። ቅጂውም ቁማር ያጫውታል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

«ገጹን የሠራው ሰው ጋ አይጠፋም» አለ ዶክተሩ ዕቃውን እየሰበሰበ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13

ስልኩን አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። መጋረጃ ሰፋሁ። አነሳሁ። አስቀመጥኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14

ደወልኩ።

«ተሳስቼ ነው» አልኩ።

«ቁጥር?»

«አይደለም። አንቺን ሌባ ማለቴ።»

አፌ ላይ የመጣው ጉንፋንሽስ ነው። ከለቀቀኝ ቆየ አለች። ከዚያ የገጹ ቅጂ አለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

«አለኝ። ለምን አጠፋዋለሁ?»

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ላከችው። ሰላምታ የለው፣ ምን የለው። ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ምን ያስለቅሳል? ፋይል ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 19

ዶክተሩ ቆሻሻውን ጠርጎ ቅጂውን መለሰልኝ። ሁሉም ነገር ተመለሰ... ሁሉም። ገጹ የዛሬ ሁለት ዓመት ላይ ነው። «እኛ ማን ነን» የሚለው ላይ ሁለታችንም አለን፣ እሷ ሜትር አንገቷ ላይ ጠምጥማ፣ እኔ መቀስ ይዤ፣ በምን እንደሆነ እንጃ እየሳቅን። ስልኳ ከኔ ስልክ በላይ ነው። ከሥራዎቻችን መካከል ደግሞ ያ የአዳራሽ መጋረጃ ፎቶ፣ ሳንጣላ በዚያው ቀን የለጠፍነው፣ ከነስንዝሩ፣ በኩራት ተሰቅሏል።

«የሌሉትን ሰው ላውጣቸው?» አለ ዶክተሩ።

«በኋላ» አልኩት።

አየኝ። በሽታው የጀመረው በዚሁ ቃል ነው አለኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 26

ደንበኞች እሷ ጋ እየደወሉ ነው። ማለዳ መልእክት ላከች። «የሳሎን መስኮት። ቁመት ሁለት ሜትር ከአርባ። ራሴ ሄጄ ለካሁ። ስልኬን ከገጹ አውጪው።»

እሺ ብዬ መለስኩ። ጨርቁን ዘረጋሁ። ከመቁረጤ በፊት ደግሜ ለካሁ። ከዚያ አንዴ ደግሞ። ከዚያ ቆረጥኩ።

ስልኳን አላወጣሁም። ሥራ በዛብኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 30

ተሰቀለ። ጫፉ ወለሉን ሳም አድርጎ ቆመ። ደንበኛዋ ፎቶውን ለሁለታችንም ላከችው። እህቴ ለኔ ሌላ ትዕዛዝ ልካለች። «የመኝታ ቤት፣ ሁለት መስኮት። ስልኬን አውጪው አላልኩሽም?»

ብላኛለች። አልካድኩም።

ሰኞ፣ ኅዳር 3

መጣች። በሩ ላይ ቆማ ሱቁን ዙሪያውን ቃኘችው። ከስታለች... ወይስ እኔ ነኝ የወፈርኩት?

«ሜትሬ የት አለ?»

ጠቆምኳት። ትታው የሄደችበት ሚስማር ላይ ነው። አንገቷ ላይ አጠለቀችውና ስልኬን ራሴ ላውጣ ብላ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች። ያ ታጋሽ ወዲያው «ድረ ገጽዎን ያድሱ» አላት። ምንም ሳታቅማማ አደሰችው። ለካ ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ከዚያ የአዳራሹን ፎቶ አገኘችው። ብዙ አየችው።

«መቀስሽ» አለች።

«ሜትርሽ» አልኩ።

ፎቶውን አላጠፋችውም። ስልኳንም አላወጣችም። እኔም አላስታወስኳትም። ልትወጣ ስትል፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ የይለፍ ቃሉን ቀይሬዋለሁ አለችኝ። ምን ብለሽ አልኳት።

«ነገ ስመጣ እነግርሻለሁ።»

ድረ ገጼ በአንድ ወር ውስጥ ሁለቴ ከእጄ ወጣ።

ነገ ስመጣ ነው ያለችው።