ማንም ያላረደው ዓሣ

ወንድሜ ገደፋው፣
ጅቡቲ ከመጣህ ሆቴል ገብተህ ዓሣ እንዳታዝ፤ በረዶ ነው የሚሸጡልህ። በጀልባ ወደ ታጁራ ተሻገር። ዳር ላይ ዓይኑ የሚያበራውን መርጠህ ስትሰጣቸው ሰንጥቀው፣ በርበሬ ቀብተው በጭቃ ምድጃ ይጠብሱልሃል። ፍኖተ ሰላም እንጨት እስኪሆን የሚጠበሰውን እርሳው።

ካሳነሽ የሙስሊም እርድ አልነካም ብላ በዳቦና በሻይ ከስታ፣ ልታርሳት የመጣችላት ልጃችን ሀኒ ሳትወልድ ወደ አገር ልትመለስ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ነበር። ዛሬ ታጁራ ላይ አማርኛ የሚችል ዓሣ ሻጭ አግኝታ «ማን አረደው?» ብላ ያዘችው።
«ማንም አላረደውም እናቴ፤ ከባሕር ሲወጣ ራሱ ሞተ።»
«ታዲያ በክት ነዋ።»
ንዴቴን ታውቃለህ። «ጴጥሮስ ያጠመደውንስ ማን አረደለት?» ብዬ ጮኽኩባት።
እሷም አማተበችና መብላት ጀመረች፤ የእኔንም ድርሻ ጨመረችበት።
«ይህን እያወቅህ ነው በሻይ ያከረምኸኝ?» አለችኝ ጣቷን እየላሰች።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ንጋትንና ልጆቹን ሳምልኝ። ቡሬ ላለችው የካሳነሽ እህትም አትጠብቂያት በልልኝ፤ ሀኒን ሳታርስ አትመጣም።

ሰይፈ