ቦራ የሚያድርበት ቤት

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 1930

ቦራ ተመለሰ። ገመዱን በጥሶ፣ ቁራጩን ከአንገቱ አንጠልጥሎ፣ ጠጉሩ ሁሉ ጭጎጎት ተሰክቶበት። ገጠር አክስቴ ዘንድ ከሰደድኩት ገና ሳምንት አልሞላውም።

ሲያየን አበደ። አባባን ሊጥላቸው ነበር። ከዓይናቸው መድከም የተነሣ በእጃቸው ሲዳብሱት ግንባሩ ላይ ያለችውን ነጭ ምልክት አገኟትና እንደ ሕፃን ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ በዚያው ሰዓት በአጥራችን በኩል ሲያልፍ አየን። ቆመ።

«ይሄ የወንድምሽ ውሻ አይደለም?»

«የቤት ውሻ ነው» አልኩት።

ፈገግ ብሎ ሄደ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ወንድሜ ክረምቱ ሲወጣ ነው ጫካ የገባው። ስሙን እዚህ አልጽፍም። ጉና ተራራ ላይ መሆኑን ከተማው ሁሉ ይጠረጥራል። የትኛው ገደል፣ የትኛው ዋሻ እንደሆነ ግን እኔ እኅቱም አላውቅም። ቦራ ያውቃል። ሁለት ጊዜ ጠፍቶብን፣ ሆዱ ሞልቶ፣ ጭስ ጭስ እየሸተተ ተመልሷል። ከከተማ ያራቅሁት ለዚህ ነበር።

ማክሰኞ

አስተርጓሚው ወታደር አስከትሎ መጣ። ወደ ግቢ አልገባም። በጾም፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ለቦራ ሥጋ ያለበት አጥንት ወረወረለት። ቦራ አሸተተው፣ እኔን ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ በላ። ውሻ ምን ጾም አለው።

«ጎበዝ ውሻ ነው። ብንለቀው ወዴት የሚሄድ ይመስልሻል?»

ቦራን በገመዱ ቁራጭ ወደ እኔ ሳብኩት።

«ዓርብ ጣሊያኑ መኮንን ከጎንደር ይመለሳል። ያን ጊዜ መጥተን እንወስደዋለን። እስከዚያ ደኅና አድርገሽ እሰሪው።»

ለቅቀው ሊከተሉት ነው። እሱም ጅራቱን እየቆላ፣ ደስ ብሎት፣ ወንድሜ እግር ሥር ድረስ ይወስዳቸዋል። ቦራ ክፋት የለበትም። የሚያስፈራኝ መውደዱ ነው።

ረቡዕ

ጎረቤታችን እትዬ ደብሬ ሰሙ። ክፉ ሴት አይደሉም። ባላቸውን ጣሊያን ከወሰደባቸው ወዲህ ግን ነገር ያሳጥራሉ። «ከሰውና ከውሻ ማን ይበልጣል? ለጅብ ያስቀመጥኩት መርዝ አለኝ» አሉና በጨርቅ ቋጥረው ሰጡኝ።

ተቀበልኳቸው። መርዙን የምጨምርበትን ቂጣም ጋገርኩ። ቦራ ምድጃው አጠገብ ተኝቶ በእንቅልፉ እግሩን ያወራጭ ነበር። በሕልሙ ማንን እየተከተለ እንደነበር እግዜር ይወቀው። መርዙን ከጓሮ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት። ቂጣውን እኛው በላነው፤ ለእሱም ደረሰው።

ከሰዓት በኋላ ሼህ እንድሪስ ዘንድ ሄድኩ። ቆዳና አሞሌ የሚነግዱ፣ የአባባ የጥንት ወዳጅ ናቸው። ውሻው መጋዘናቸውን ይጠብቅላቸው ዘንድ ለመንኳቸው።

«ልጄ፣ ጠባቂስ ያሻኛል» አሉ። «ግን የእኔ መጋዘን ከናንተ ደጅ ምን ያህል ይርቃል? አስተርጓሚው በማግሥቱ ያገኘዋል። ደግሞም ይህ ውሻ ገመድ የሚበጥሰው ሥራ ስለፈታ ነው። ሥራ ካለበት ውሰጂው። ያን ጊዜ ገመድ አያስፈልገውም።»

ነገ በቅሎዎቻቸውን ጭነው ወደ ይፋግ ገበያ እንደሚወርዱም ነገሩኝ።

ቤት ገብቼ ይህን ሳወራቸው አባባ ከመደባቸው ብድግ አሉ። «ጣራ ገዳም!» እዚያ አባባ ድሮ ቅኔ ያስተማሯቸው አንድ መነኩሴ አሉ፤ አባ ወልደ ሩፋኤል። የገዳሙን አትክልት ዝንጀሮ ፈጀብን እያሉ ሲያማርሩ ነበር። ገዳሙ ከይፋግ ቅርብ ነው፤ ለጉና ግን ጀርባውን የሰጠ አገር ነው።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ቦራ ቤቱን ከመረጠ ቆይቷል። ቤቱ ወንድሜ ያለበት ነው። እኔ የምፈልግለት ሁለተኛውን ነው።

ሐሙስ

ሼህ እንድሪስ ገዳሙ ሊያደርሱልን ተስማምተው ገና ጎሕ ሲቀድ መጡ። ቦራ ለሼህ እንድሪስ እምቢ አለ፤ አራት እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ቀረ። ስለዚህ የወንድሜን አሮጌ ቡሉኮ ይዤ እኔም ተከተልኩ።

ኬላው ላይ ወታደሩ ወደ ውሻው ጠቆመ። «ጅብ በቅሎ ፈጅቶብኛል፣ ጌታዬ» አሉ ሼህ። አሳለፈን። ወንዙ ዳር እስክንደርስ ዞሬ አላየሁም።

እዚያ ቡሉኮውን ከኋለኛዋ በቅሎ ጭነት ላይ ደረብነው። ቦራ አሸተተው። ከዚያ ማንም ሳይስበው በቅሎዋን ተከትሎ መራመድ ጀመረ። ሼህ በዓይናቸው «ተመለሽ» አሉኝ። ከወይራ ዛፍ ኋላ ተሸሸግሁ። ጥቂት ሄዶ ዞረ። ጆሮውን አቁሞ ፈለገኝ። አፌን በነጠላዬ አፍኜ ቆየሁ። በቅሎዋ ስትርቅበት ቡሉኮው በለጠበትና ሄደ።

አታልዬ ሰደድኩት። ጌታው ዘንድ የሚወስዱት መስሎታል።

ዓርብ

መጡ። አስተርጓሚው፣ ሁለት ወታደሮች፣ አዲስ ገመድ። እኔ «ጅብ በላው» ልል ተዘጋጅቼ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ለብቻዬ ስለማመደው ነበር። አባባ ቀደሙኝ።

«ውሻው የታለ?»

«መንኩሷል» አሉ።

ያዘጋጀሁትን ውሸት ዋጥኩ።

አስተርጓሚው አፍጥጦ አያቸውና በሳቅ ፈነዳ። ለወታደሮቹ በቋንቋቸው ነገራቸው፤ እነሱም ሳቁ። «ሽማግሌው ጃጅተዋል» አለኝ። ከዚያ ሳቁ አለቀ። ቤቱን በረበሩ። ጎታውን ገለበጡት፤ ገብሱ መሬት ላይ ፈሰሰ። ሲወጣ ጣቱን ዓይኔ ሥር ቀስሮ «ያ ውሻ ከዚህ ግቢ ቢታይ አንቺን ነው የማስረው» አለኝ።

ገብሱን እያፈስኩ አባባን ተቆጣኋቸው። ተቆጥቻቸው አላውቅም።

«ምን ነካዎት አባባ? መነኮሳቱን ሊያስፈጁ ነው?»

«እኔ እውነቱን ተናገርኩ። ማመን የእነሱ ፈንታ ነው» አሉ። በርከክ ብለው፣ በዳበሳ፣ አብረውኝ ገብስ ለቀሙ።

ቅዳሜ

ገበያ አልወጣሁም። ውሻ በጮኸ ቁጥር በር እከፍታለሁ። ተመልሶ ቢመጣስ ብዬ እፈራለሁ። ደግሞ ከአሁን በኋላ ባላየውስ? እትዬ ደብሬ መጥተው፣ ምንም ሳይጠይቁ፣ ምስር ወጥ አስቀምጠውልን ሄዱ።

ሰኞ

ሼህ እንድሪስ ከቤታቸው ሳይገቡ፣ አቧራቸውን ሳያራግፉ እኛ ዘንድ ደረሱ።

«የደረስን ዕለት እህል አልቀመሰም» አሉ። «ቡሉኮው ላይ ተጋድሞ በሩን በሩን ያያል። አባ ወልደ ሩፋኤል አጠገቡ ቁጭ ብለው ድርሳናቸውን ሲያነቡ አመሹ። እኔም ሆዴ አልችል አለና ገበያዬን ትቼ ቅዳሜን እዚያው ዋልኩ። እንደው ረፋዱ ላይ ዝንጀሮው ከጫካ ፈሰሰ። አባ ገመዱን ፈቱለት። ልጄ፣ ባየሽው! ዳገቱን እየጮኸ እያሳደዳቸው ወጣ። ከዓይናችን ጠፋ። በቃ ሄደ ብለን ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከቀትር በኋላ ምላሱን አንጠልጥሎ ወረደ። የቀረበለትን ሁሉ ጠረገና ከአባ ደጃፍ ተጋደመ።»

«ማንም ሳይጎትተው?»

«ማንም። ጅራቱንም ቆላልኝ፤ እስከዛሬ ንቆኝ ሲያበቃ።»

አባባ «ተመስገን» አሉ። ሼህም «አልሐምዱሊላህ» አሉ። እኔ ለበቅሎዋ ውኃ ላጠጣ ብዬ ወጣሁና እዚያ አለቀስኩ።

ማክሰኞ፣ ገብርኤል

ከቅዳሴ በኋላ አንዲት የጉና ሴት ልትሳለም የመጣች መስላ ጠጋ አለችኝ። ከዚህ በፊትም መልእክት አምጥታልኛለች። «ደኅና ነው» አለች ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። «‹ውሻዬስ?› ብሏል።»

«ቤት አግኝቷል። ሥራም ይዟል በይው።»

«የት ልበለው?»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ግን ወንድሜን አውቀዋለሁ። ከሰማ አያድርም፤ ኬላውን ሁሉ ጥሶ ሊያየው ይወርዳል።

«ጥሩ ሰው ዘንድ ነው በይው። ከዚህ በላይ አልነገረችኝም በይ።»

ገባት መሰለኝ፤ ነጠላዋን አጣፍታ ሕዝቡ መሐል ገባች። ይቆጣኝ ይሆናል። ይቆጣ። በሕይወት ይኑርና ይቆጣኝ።